እርሳሱ ከአዲሱ ተማሪ እጅ አይውጣ፦ በዩኒቨርሲቲ የአቻ አስጠኚነት ምንነትና መንገዱ

አዲስ ገቢ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲጠሩ በመገናኛ ብዙኃን የሚነገረው ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ቅጂው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ የማይገኝ፣ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር መልክ ሊለውጥ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እሱም በዚያው መንገድ ቀድሞ ያለፈ ተማሪ ነው።

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በመዲናዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቂሊንጦ በተባለው አካባቢ ይገኛል። በ2003 ዓ.ም ተመሥርቶ በ2004 ዓ.ም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው ይህ ተቋም በየዓመቱ የመግቢያ ፈተና ያለፉ ወጣቶችን ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች ይቀበላል። ከደቡብ መስመር የመጣው ተማሪ ቃሊቲ መናኸሪያ ወርዶ ሻንጣውን ይዞ ወደ ግቢው ያቀናል። በማግስቱ የመኝታ ክፍል ቁልፍ፣ የመመገቢያ ካርድና የትምህርት መርሐ ግብር ይሰጠዋል። የትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚፈትን፣ እንዴት እንደሚጠናና ሳይገባው ሲቀር ማንን እንደሚጠይቅ ግን በወረቀት የሚሰጠው የለም።

የአቻ አስጠኚ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚቆም ተማሪ ነው። ትምህርቱን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት ወስዶ በጥሩ ውጤት ያለፈ፣ ለአዲስ ገቢዎችም በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ጥናት የሚመራ ነው። መምህር አይደለም፤ ውጤት አይሰጥም፣ ፈተና አያወጣም። የቤት ለቤት አስጠኚም አይደለም፤ የሚያስጠናው እንደ እሱ ዶርም ውስጥ የሚያድር፣ በአንድ ካፌ የሚመገብ ተማሪን ነው። ጥቅሙም ድክመቱም ከዚሁ ቅርበት ይመነጫል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ለምን ይከብዳል?

ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የፍሬሽማን መርሐ ግብር ዳግም ተግባራዊ ሆኗል። አዲስ ገቢ ተማሪ ወደ ትምህርት ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ሒሳብ፣ ጠቅላላ ፊዚክስ፣ የእንግሊዝኛ ተግባቦት፣ ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን የመሳሰሉ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል። እነዚህ ትምህርቶች ለመሸጋገሪያ የታሰቡ ቢሆኑም ክብደታቸው ቀላል አይደለም። የትምህርት ክፍል ምደባ በአብዛኛው በተማሪው ፍላጎትና በዚህ ወቅት በሚያስመዘግበው ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ለመማር አልሞ የመጣ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሰናከል፣ ያላሰበው ዘርፍ ውስጥ ገብቶ ቀሪዎቹን ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ውጤቱ ከተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት በታች ከወረደ ደግሞ ማስጠንቀቂያና ስንብት ይከተላል።

የተማሪዎቹ የኋላ ታሪክም መታሰብ አለበት። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። የማለፊያ ነጥቡን ካላገኙት መካከል የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያ፣ ማለትም በሬሜዲያል መርሐ ግብር በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደርጓል። ስለዚህ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያለፈውና መሠረቱን ገና እየጠገነ ያለው ጎን ለጎን ሊማሩ ይችላሉ።

በመግቢያ ፈተና ተለይተው የገቡትም ቢሆኑ የራሳቸው ፈተና አለባቸው። ከወረዳው ትምህርት ቤት አንደኛ እየወጣ የመጣ ተማሪ፣ ሁሉም አንደኛ የነበሩበት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መካከለኛ ይሆናል። እጁን አንሥቶ «አልገባኝም» ማለት ለእሱ ትምህርት ሳይሆን ክብሩን መጣል ይመስለዋል። በብዙ ተማሪ ፊት መምህሩን መጠየቅ ያፍራል፤ የመምህሩን ቢሮ ማንኳኳት ደግሞ ይፈራል። በዚህ ዝምታ መካከል የሚድ ፈተና ይደርሳል። የአቻ አስጠኚ ዋና ጠቀሜታም እዚህ ላይ ነው፤ ሳያፍሩ የሚጠይቁት ሰው መሆኑ።

ልማዱ የቆየ ነው

ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶች ፊደል የለየው ገና ያልለየውን ያስቆጥራል፤ ንባብ የዘለቀው ጀማሪውን ያስነብባል። በቅኔ ቤት ደግሞ ከመምህሩ በታች ሆነው ግስ የሚያስነግሩ፣ የጀማሪዎችን ቅኔ የሚያዳምጡና የሚያርሙ የበሰሉ ተማሪዎች አሉ። አንድ መምህር ከልዩ ልዩ ሀገር የመጡ በርካታ ተማሪዎችን ሊይዝ የቻለው ዕውቀቱ ከእሱ ወደ በሰሉት፣ ከበሰሉት ወደ ጀማሪዎቹ እየወረደ ስለሚሄድ ነው። ያስተማረው ተማሪም ለመምህርነት የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው።

በአውሮፓም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድሪው ቤል በሕንድ ማድራስ፣ ጆሴፍ ላንካስተር ደግሞ በለንደን፣ ጎበዝ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩበትን ሥርዓት አደራጅተው ነበር። ለዛሬው የዩኒቨርሲቲ አሠራር ይበልጥ የቀረበው ግን እ.ኤ.አ በ1973 በአሜሪካ በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ዲያና ማርቲን የጀመሩት መርሐ ግብር ነው። የመርሐ ግብሩ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ ደካማ ተማሪዎችን ሳይሆን ከባድ ትምህርቶችን መለየት። ብዙዎች የሚወድቁበት ትምህርት ተለይቶ፣ ያንን ትምህርት በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ እንደገና ክፍል ገብቶ ከአዲሶቹ ጋር ያዳምጣል፤ ከዚያም ለሁሉም ክፍት የሆነ የጥናት ሰዓት ይመራል። የሚመጣው ሁሉ «የከበደውን ትምህርት» ሊያጠና እንጂ «ደካማ» ተብሎ ስላልመጣ ኀፍረቱ ይቀንሳል።

በሀገራችን ከዓመታት በፊት በትምህርት ተቋማት የተዘረጋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም መነሻ ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ጎበዝ የተባለው ተማሪ አምስቱን እንዲያግዝ ታስቦ ነበር። ሆኖም በብዙ ቦታ ቅጽ ከመሙላትና ሪፖርት ከማቅረብ አላለፈም ተብሎ ተተችቷል። አንድ መሠረታዊ ችግርም ነበረው። መሪውና ተመሪዎቹ የአንድ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ ለአንድ የትምህርት ክፍል ወንበር ይወዳደራሉ። ተፎካካሪውን በሙሉ ልብ የሚያስጠና ጥቂት ነው። አስጠኚው ከላይኛው ዓመት ሲመረጥ ግን ፉክክሩ ከመካከላቸው ይወጣል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የደረሰው ተማሪ አዲሱ ኤ ቢያመጣ የሚቀነስበት ነገር የለም።

አስጠኚ ማን ይሁን?

ብዙዎች የመጀመሪያው መስፈርት ከፍተኛ ውጤት ነው ብለው ያስባሉ። ውጤት ያስፈልጋል፤ ትምህርቱን በወጉ ያልያዘ ሰው ስሕተትን ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ሳይደክምበት የገባው ተማሪ አንዳንዴ ደካማ አስጠኚ ይሆናል። ለእሱ ግልጽ የሆነው ነገር ለሌላው ለምን እንደሚጨልም አይታየውም፤ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላል። ይህች ቃል አዲሱን ተማሪ ለሁለተኛ ጊዜ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ታደርገዋለች። በአንጻሩ በመጀመሪያው ሚድ ዝቅተኛ ውጤት አምጥቶ፣ የጥናት ዘዴውን ለውጦ በፋይናል የተነሣ ተማሪ የመሰናከያውን ድንጋይ ቦታ ያውቀዋል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ሌቭ ቪጎትስኪ ተማሪ ብቻውን ሊሠራው ከሚችለው በላይ፣ ከእሱ ጥቂት በቀደመ አቻ እገዛ ሊደርስበት የሚችል የዕውቀት ክልል እንዳለ አስተምሯል። «ጥቂት የቀደመ» የሚለው ለአስጠኚነት ቁልፍ ነው። ብዙ ርቆ የሄደው ከኋላው የሚመጣውን አያየውም፤ አጠገብ ያለው ደግሞ አብሮ ይሳሳታል።

ከውጤት ቀጥሎ የሚፈለጉት ጠባያት ሰዓት ማክበር፣ ማዳመጥና «አላውቀውም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ለማለት መድፈር ናቸው። የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም በአዲሶች ፊት ላለመዋረድ ብሎ የገመተውን የሚናገር አስጠኚ ብዙ ያጠፋል።

አንድ የጥናት ሰዓት እንዴት ይመራል?

የአስጠኚነት ትልቁ ፈተና የሚያውቁትን ላለመናገር መታገሥ ነው። ጀማሪ አስጠኚ አዲሱ ተማሪ ሲንተባተብ ሲያይ እርሳሱን ከእጁ ተቀብሎ ጥያቄውን ራሱ ይሠራዋል። ተማሪው «ገባኝ» ብሎ ይሄዳል። የገባው ግን የአስጠኚው አሠራር እንጂ ጥያቄው አይደለም፤ ፈተና ላይ ቁጥሩ ሲቀየር እንደገና ይጠፋበታል። ስለሆነም ልምድ ያላቸው አስጠኚዎች የሚጠብቁት አንድ ሕግ አለ፦ እርሳሱ ከተማሪው እጅ አይውጣ።

በፍሬሽማን ሒሳብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከሚቀርቡት ርእሶች አንዱ ሎጂክ ነው። በዚያ ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት «ከሆነ፣ ይሆናል» የሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። የእውነት ሠንጠረዡ እንደሚለው መነሻው ሐሰት ከሆነ መድረሻው እውነትም ይሁን ሐሰት ዓረፍተ ነገሩ በጠቅላላው እውነት ነው። አዲሱ ተማሪ ይህን ይሸመድደዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ደካማ አስጠኚ ሠንጠረዡን እንደገና ይጽፍለታል። ጎበዝ አስጠኚ ግን ጥያቄ ይጠይቃል፦ «አባትህ ‹ኤ ካመጣህ ላፕቶፕ እገዛልሃለሁ› አሉህ እንበል። ቃላቸውን አፈረሱ ልትል የምትችለው መቼ ነው?» ተማሪው ያስባል። ኤ አምጥቶ ከተገዛለት ቃሉ ተጠብቋል። ኤ አምጥቶ ካልተገዛለት ቃሉ ፈርሷል። ኤ ሳያመጣ ካልተገዛለት የሚወቀስ የለም። ኤ ሳያመጣ ቢገዛለትስ? እዚህ ላይ ተማሪው ይቆማል። ከጥቂት ዝምታ በኋላ አባቱ ስለዚያ ምንም እንዳልተናገሩ፣ ስለዚህም ቃላቸውን እንዳላፈረሱ ራሱ ይደርስበታል። ከአራቱ ሁኔታዎች ሐሰት የሆነው አንዱ ብቻ መሆኑን በገዛ አፉ ሲናገር ሠንጠረዡ የእሱ ሆነ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ አስጠኚው የተናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቀሪው የተማሪው ሥራ ነው። መካከል ላይ የነበረችው ዝምታ ለጀማሪ አስጠኚ ታስጨንቃለች፤ ሆኖም ትምህርቱ የሚካሄደው በዝምታው ውስጥ ስለሆነ መሙላት አያስፈልግም።

የአንድ ሰዓት ጥናት በዚህ መልክ ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንቱ ከተማረው ያልገባውን ይናገራል፤ «ምኑም አልገባኝም» ካለ ገባኝ ያለበትን የመጨረሻ ገጽ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ቀጥሎ ከዎርክሺቱ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ተመርጦ ተማሪዎቹ ይሠራሉ፤ አስጠኚው የት እንደቆሙ እየተመለከተ ይጠይቃል። በመጨረሻ አንደኛው ተማሪ ለሌሎቹ መልሶ ያስረዳል። በቀጣዩ ሳምንት ጥናቱ የሚጀመረው ያለፈው ጥያቄ ቁጥሩ ተለውጦ ሲቀርብ ነው። ቡድኑ አምስት ወይም ስድስት ቢሆን ሁሉም ለመናገር ዕድል ያገኛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌክቸር ይሆናል።

ከትምህርቱ ይዘት ባሻገር አዲስ ተማሪ የሚያስፈልገው ስለ ግቢው አሠራር ማወቅ ነው። ሀንድአውት ከየት ይገኛል? ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ማየት ለምን ይጠቅማል? ላብራቶሪ ሪፖርት እንዴት ይጻፋል? ታሞ ፈተና ያመለጠው ለየትኛው ቢሮ በስንት ቀን ውስጥ ያመለክታል? አንዳንድ ተማሪ የሚሰናበተው ትምህርቱ ስለከበደው ሳይሆን ይህን ባለማወቁ ነው።

በየትኛው ቋንቋ?

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቹ ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚያስቡ ናቸው። አስጠኚው በየትኛው ቋንቋ ያስረዳ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስረዳት መረዳትን ያፈጥናል። ፈተናው የሚመጣው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ብቻ የተረዳውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ያቃተው ተማሪ ነጥብ ያጣል።

የሚያዋጣው መንገድ ሐሳቡን በሚግባቡበት ቋንቋ አብራርቶ፣ ማጠቃለያውን ተማሪው ራሱ በእንግሊዝኛ እንዲጽፈው ማድረግ ነው። መጠንቀቅ የሚያሻው በቡድኑ ውስጥ ቋንቋውን የማይሰማ አንድ ተማሪ እንኳ ካለ ነው። አምስቱ በአማርኛ ሲሳሳቁ ስድስተኛው አንገቱን ደፍቶ የሚወጣበት ጥናት ከመጀመሪያውም ባይኖር ይሻላል። ተማሪዎችን በብሔርና በቋንቋ ለይቶ ማስጠናት አመቺ ቢመስልም፣ ግቢው ውስጥ ከሰፈሩ ልጅ ውጪ ሰው ሳያውቅ የሚመረቅ ወጣት ያፈራል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪዎች ጋር ሆኖ የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ መርሐ ግብር በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ በጎንደር ከተማ እንደ ልጅ የሚቀበለው ቤተሰብ ያገኛል፤ በዓልን አብሮ ያሳልፋል፤ ሲታመም ጠያቂ አለው። የቃል ኪዳን ቤተሰብ የቤት ናፍቆትን ሲያስታግስ፣ የአቻ አስጠኚ የክፍሉን ጭንቀት ያቀላል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከሌላ ሀገር ለመጡ ተማሪዎች

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከውጭ የመጡ ተማሪዎችን ማስተናገድ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካውያን ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥቶ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሱዳንና ከሌሎችም ሀገራት የመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምረዋል። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ እንደሚገልጹት፣ እነዚህ ተማሪዎች ይዘውት የመጡት ግልጽነትና የፖለቲካ ንቃት በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እንቅስቃሴ ላይ አሻራውን አሳርፏል። የመጣውም የተቀበለውም ተምሯል። ዛሬም ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ፤ በልውውጥ መርሐ ግብር ለአንድ ሴሚስተር የሚመጡም አሉ።

እነዚህን ተማሪዎች የሚያግዝ አስጠኚ ለእሱ የተለመደ ስለሆነ የማያስተውለውን ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ፈተናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል በአማርኛ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ የውጭው ተማሪ የሚያነብበት ቁጥር ሦስት ነው፤ በእሱ አቆጣጠር ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። ከቀትር በኋላ ሲመጣ ፈተናው አልፏል። ቀጥሎ ዘመን አቆጣጠር አለ፤ 13 ወር ያለው፣ ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚለይ የቀን መቁጠሪያ በምዝገባ ቅጽ ላይ ግራ ያጋባል። በረቡዕና በዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ላውንጁ ለምን የጾም ምግብ እንደሚያበዛ፣ ስም ሲጠራ ለምን የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ እንዳልሆነ፣ መምህርን በመጀመሪያ ስማቸው ከማዕረጋቸው ጋር መጥራት ነውር እንዳልሆነ ሁሉ መናገር ያሻል።

የልውውጥ ተማሪ ሌላም ጉዳይ አለበት። የወሰደው ትምህርት በሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና እንዲያገኝ የክሬዲት ሰዓቱና የትምህርቱ ዝርዝር ይዘት በሰነድ ሊያዝለት ይገባል። አስጠኚው ይህን ሊፈጽምለት አይችልም፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሬጅስትራር እንዲሄድ ሊያስታውሰው ግን ይችላል።

ድንበሩ የት ላይ ነው?

አስጠኚነት በቅርበት ላይ የቆመ ስለሆነ ድንበሩ ካልተሰመረ ይበላሻል። አሳይመንት ሠርቶ መስጠት ማስጠናት አይደለም፤ ማጭበርበር ነው። አዲሱ ተማሪ «ነገ ማስገቢያው ነው፤ ዛሬን ብቻ» ሲል አዝኖ የሠራለት አስጠኚ፣ በቀጣዩ ሳምንት አሥር አሳይመንት ይጠብቀዋል። ዛሬ ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት ስለሚጠበቅበት፣ በሰው እጅ የተሠራ ውጤት መጨረሻ ላይ ባለቤቱን ይጠይቃል።

በሁለተኛ ደረጃ ሥልጣን የሚመስለውን ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አዲስ ገቢ ተማሪ በተለይም ሴት ተማሪ አስጠኚውን በውለታ ልታየው ትችላለች። ጥናት ክፍት በሆነ ቦታ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በመማሪያ ክፍል፣ በታወቀ ሰዓት መካሄድ ያለበት ለዚህ ነው። ለብቻ በሌሊት የሚደረግ ቀጠሮ፣ ስጦታ መቀበልና ለውለታው ምላሽ መጠየቅ ፈጽሞ ተቀባይነት የላቸውም። በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የሥርዓተ ጾታ ክፍሎች ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ሲያዘጋጁ ሴት አስጠኚዎችን ማሳተፋቸው አንድም ከዚህ ይጠብቃል፤ አንድም «ይህን ትምህርት ሴት ታልፈዋለች» የሚለውን በተግባር ያሳያል።

በሦስተኛ ደረጃ አስጠኚ ሐኪም አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ስለ ሞት የሚያወራ ተማሪ ሲያጋጥም ማድረግ የሚገባው ማዳመጥና ሳይዘገይ ወደ ምክር አገልግሎት ወይም ወደ ክሊኒክ አብሮ መሄድ ነው። የሰማውንም ለጓደኞቹ አያወራም። ሰው ገመናውን የነገረው አስጠኚ ካፌ ውስጥ ሲያወራው የተሰማ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ወደ ጥናቱ የሚመጣ አይኖርም።

ለአስጠኚው ምን ይተርፈዋል?

ማስጠናት ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ የኢንጂነሪንግ ተማሪ የራሱ ፕሮጀክትና ላብራቶሪ አለበት። በሳምንት ሁለት ሰዓት ሊሰጥ የሚችል አስጠኚ ስድስት ሰዓት ቃል ገብቶ በሁለተኛው ወር ከሚጠፋ፣ ሁለቱን ሰዓት እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ቢጠብቅ ይመረጣል። አዲሱን ተማሪ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ተጀምሮ የተቋረጠ እገዛ ነውና።

ጥቅሙ ግን ከድካሙ ይበልጣል። በሽምደዳ ያለፈውን ርእስ ለሌላ ማስረዳት ሲሞክር ያልገባው ቦታ ይጋለጣል። የፍሬሽማን ሒሳብና ፊዚክስ ለላይኛው ዓመት ትምህርቶች መሠረት በመሆናቸው፣ ያስጠናው ተማሪ መሠረቱን ሳያውቀው ያጠናክራል። በሰው ፊት መናገር፣ አስቸጋሪ ነገርን አቅልሎ ማስረዳትና የሌላውን ግራ መጋባት መረዳት በቃሊቲና በአቃቂ ፋብሪካዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጣም ሆነ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚፈለጉ ችሎታዎች ናቸው። የመምህርነት ዝንባሌ እንዳለው የሚያውቀውም እዚሁ ነው።

እንዴት ይጀመራል?

ለአስጠኚነት የሚነሣ ተማሪ በመጀመሪያ አንድ ትምህርት ብቻ ይምረጥ፤ ሁሉን አስጠናለሁ ያለ አንዱንም በወጉ አያስጠናም። ትምህርቱን የሚሰጡትን መምህር ቀርቦ ተማሪዎች በየትኛው ምዕራፍ እንደሚቸገሩ ይጠይቅ። በትምህርት ክፍሉ፣ በተማሪዎች ኅብረት፣ በሥርዓተ ጾታ ወይም በተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ የተደራጀ ቱቶሪያል ካለ በዚያ መግባት ክፍልና ሰዓት ለማግኘት ይረዳል። ከሌለም ከአራት አምስት አዲስ ተማሪዎች ጋር በቤተ መጻሕፍት መጀመር ይቻላል።

ገና ልምድ ለሌለው ደግሞ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ጥሩ መለማመጃ ነው። በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየአካባቢያቸው ተመልሰው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስጠናሉ። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይን በሚገባው መንገድ ማስረዳት የቻለ ሰው፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሊሚትን ለማስረዳት አይቸገርም። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ባሉበት ግቢ ደግሞ መጽሐፍ ማንበብና በድምፅ መቅዳት ከአስጠኚነት ቀድሞ የሚጀመር አገልግሎት ነው።

የአስጠኚው ሥራ መሳካቱን የሚያሳየው የአዲሱ ተማሪ ውጤት ብቻ አይደለም። በጥቅምት «ይህን ሥራልኝ» ብሎ የመጣው ተማሪ በታኅሣሥ «እዚህ ድረስ ሠርቼዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ትክክል ነኝ?» ብሎ ከመጣ ሥራው ተሠርቷል። በሁለተኛው ሴሚስተር ጭራሽ ካልመጣና ከጓደኞቹ ጋር በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ሲያጠና ከታየ ደግሞ አስጠኚው ሊቀየም አይገባውም። በቀጣዩ ዓመት አንሶላና ብርድ ልብሱን ይዞ ግቢ የሚገባውን አዲስ ተማሪ የሚያስጠናው ምናልባት እሱ ይሆናል።